ፀሐይም ማድያት አላት

የምኖረው ለገጣፎ ነው፤ ግቢ ውስጥ ካለች አንድ ክፍል ቤት። የፀሐይን ጥቁር ነጥቦች ፎቶ የማነሳበትን ቴሌስኮፔን የምተክለው አከራዬ ስጥ የሚያሰጡበት ቦታ ላይ ነው። በርበሬ ከተሰጣ ፀሐይ የለም።

ዕቃዬ የሚያኮራ አይደለም። የፊት ሌንሱ 70 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ፣ ስልክና የፀጉር ላስቲክ። ላስቲኩ ስልኩን ለማሰር ነው። ደህና ገንዘብ ያወጣሁት ማጣሪያው ላይ ነው። ብርማ፣ ስስ ነገር ነው፤ ከብርሃኑ መቶ ሺህ እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ከቴሌስኮፑ ጋር በዓይን በኩል የምትገጠም ጥቁር ማጣሪያ አብራ መጥታ ነበር። ወርውሬ ጣልኳት። እሷ ጋ የሚደርሰው በሌንሱ የተሰበሰበ እሳት ነው፤ ድንገት ብትሰነጠቅ ዓይኔን ይዛው ትሄዳለች። ማጣሪያ የሚገባው ከፊት ነው። እኔማ ዙሪያውን በፕላስተር እለጥፈዋለሁ፤ የዚህ ሰፈር ንፋስ አይታመንም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ግርዶሽ ሲሆን የራጅ ፊልም ዓይናቸው ላይ ደግነው የወጡትን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

የመጀመሪያዋን ነጥብ ያነሳሁ ቀን ቴሌግራም ላይ ለጥፌ ጉራዬን ነዛሁ። በማግስቱ እዚያው ናት። በሦስተኛውም ቀን እዚያው። ፀሐይ ከእኛ ስትታይ በ27 ቀን ገደማ አንዴ ትዞራለች፤ ነጥቧ ፈቀቅ ማለት ነበረባት። የዓይን ሌንሱን በጣቴ ሳዞረው አብራ ዞረች። አቧራ! ፎቶውን በዝምታ አጠፋሁት።

ሰዓትም ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል አሪፍ ነው። ከዚያ የጎረቤት ቆርቆሮ ይግልና የፀሐይ ጠርዝ እንደሚፈላ ውኃ ይንተከተካል። ሃያ ፎቶ አንስቼ ሁለት ከተረፈኝ ተመስገን ነው።

ግንቦት 2016 ግን ፎቶ ማበላሸት ራሱ የሚከብድበት ወር ነበር። 3664 የሚል ቁጥር የተሰጠው የነጥብ መንጋ ወጣ፤ ስፋቱ መሬትን 15 ጊዜ ገደማ ቢደረድሩ ነው። ግንቦት 2 ያስነሳው የፀሐይ ማዕበል የብዙ አገር ሌሊት ሰማይ ቀይና አረንጓዴ አደረገ። እኛ ከምድር ወገብ ቅርብ ነንና ምንም አላየንም። እኔ ግን ምንጩን ግቢ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ይዤዋለሁ።

አከራዬን ጠራኋቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው አጎነበሱ።

«ይሄ ምንድነው ያበላሻት?»

«የቀዘቀዘ ቦታ ነው እማማ። ማግኔቷ ከውስጥ የሚወጣውን ሙቀት ያግደዋል። ሌላው ፊቷ 5,500 ዲግሪ ገደማ ሲሆን እሱ ወደ 3,500 ነው።»

«ይሄ ነው ቅዝቃዜ?» ቀና ብለው አዩኝ። «እኛን ማድያት ስታወጣብን ለካ እሷም አለባት!»

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ስሙ ማድያት ሆኖ ቀረ። በየጠዋቱ «ማድያቷ የት ደረሰ?» ይሉኛል። ጠርዝ ላይ ደርሶ ሲጠፋ «ዳነች» አሉ። አልዳነችም። ወደ ወሩ መጨረሻ ዞሮ በወዲያኛው ጠርዝ ብቅ አለ። ቁጥሩም ተቀይሮ 3697 ተብሏል።

ልነግራቸው ስወጣ በርበሬ ተሰጥቷል። ቆሜ ሰማዩን ሳይ አዩኝ።

«መጣ እንዴ?»

«መጣ እማማ።»

የሰሌኑን አንድ ጫፍ ይዘው ግማሹን በርበሬ አጠፉልኝ።