ሳይረጋ የቀረ

ዛሬ ድብር ብሎኛል። ይህ ነው የምለው ምክንያት የለኝም፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲበረታ እንዲህ ያደርገኛል። እታለም ቤት ሄጄ ቡናው እስኪፈላ ወጥ ቤቷ ቆምኩ። ግራናይት አስገጥማለች። "ስንት እንደወጣብኝ ብታውቅ!" እያለች ነው። እኔ ድንጋዩ ላይ አፍጥጫለሁ።

ሮዙ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ነው። ብርጭቆ የሚመስለው ግራጫ ኳርትዝ፣ ጥቁሯ ነጠብጣብ ባዮታይት፣ ማለትም ጥቁር ማይካ። አንዳንዱ ቅንጣት ጥፍሬን ያህላል። እንዲህ የሚያድገው ቅልጥ አለቱ ኪሎ ሜትሮች ወደታች ተቀብሮ፣ ቀስ እያለ ሲበርድ ነው። ያው ቅልጥ በእሳተ ገሞራ ቸኩሎ ቢወጣ ራዮላይት ይሆን ነበር። ኬሚስትሪው አንድ፣ መልኩ ግን ሌላ፤ ቅንጣቱ ደቅቆ አብዛኛው በዓይን አይለይም።

እኛ ያደግነው በባዛልት መሀል ነው። አጥሩም ጥቁር ድንጋይ፣ የጣርማ በር ገደልም ጥቁር ድንጋይ። የባዛልት ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) 50 በመቶ ግድም ነው፤ የግራናይት አብዛኛውን ጊዜ 70ን ያልፋል። የሚገርመው፣ ከባዛልት ቅልጥ ራሱ ግራናይት ሊወጣ ይችላል። ብረትና ማግኒዚየም የያዙት ማዕድናት ቀድመው ይረጋሉ፤ የተረፈው ፈሳሽ ሲሊካው፣ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ እየበዛ ይሄዳል። ሌላው መንገድ የምድር ቅርፊት ራሱ መቅለጡ ነው። ቻፔልና ዋይት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያን ግራናይቶች በወላጃቸው ለይተዋቸዋል። ከቀለጠ ደለል የመጣው አሉሚኒየም ይበዛዋል፣ ነጭ ማይካም ሊኖረው ይችላል። ከቀለጠ የእሳት አለት የመጣው ደግሞ ካልሲየምና ሶዲየሙ ይበልጣል፣ ሆርንብሌንድ የሚባል ጥቁር ማዕድንም ይታይበታል። ድንጋይም እንደ ሰው በዘሩ ይታወቃል ማለት ነው።

እንግዲህ እኔና እታለም የአንድ እናት ልጆች ነን። ማህፀን ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እሷ ብረቱን ይዛ ቀድማ ረጋች፤ ትዳር፣ ቤት፣ አሁን ደግሞ ግራናይት። እኔ የተረፈው ፈሳሽ ነኝ። ይህን ብነግራት "በል ቡናህን ጠጣ" ነው የምትለኝ።

ግን አንድ ነገር አሳስቦኛል። ሲሊካ ሲበዛ ቅልጡ ይወፍራል፣ መፍሰስም ያቅተዋል። ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ ከሶፋዬ አልተነሳሁም፤ ራት አልበላሁም፣ መብራቱንም አላበራሁም። ሲሊካው ነው ወይስ ስንፍና?