ጠርሙሱ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ባዶ

ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ባሕር ዳር ለምትነዱ ነው የምጽፈው። የእኔ የድሮ ኮሮላ ናት። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ችግሯ አይታወቅም ነበር፤ ወደ ቤዛዊት ዳገቱን ስወጣ ግን የሙቀት መርፌው ሽቅብ ይሄዳል። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጠርሙሱ እስከ ላይኛው መስመር ሙሉ ነው።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ገና ሞተሩን አስነስቶ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ መፈታት አለበት» አለኝ፤ በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ ማለቱ ነው። ዘይቱ ወተት አልመሰለ፣ ጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አልተፋ፣ በምን አወቅህ? መልስ የለውም። ሌላ ጋራዥ ሄድኩ፤ እዚያ ደግሞ «ቴርሞስታቱን እናውጣውና ይገላገሉ፣ ለእኛ አገር አያስፈልግም» ተባልኩ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ኩላንቱ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋ ቫልቭ ነው፤ እሱ የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከሁለቱ አንዳቸውም የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው አላዩም!

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ራሴ ከፈትኩት። ጣቴን ብሰድ ኩላንቱን አልነካውም። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኩላንት ሲሞቅ ያብጥና ትርፉ በክዳኑ በኩል ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል፤ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ መልሶ ይስበዋል። ላስቲኩ ከተበላሸ ግን በኩላንቱ ፈንታ አየር ይስባል። ጠርሙሱ እንደሞላ ይቀራል፣ ራዲያተሩ ይጎድላል። በዚያ ላይ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ፈሳሹ ቶሎ ይፈላል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ንጹሕ ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ቆላ ላይ የሚያልፍ ክዳን እዚህ ጉድ ይሠራል።

ክዳኑን ቀየርኩ። በአሮጌው ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር 1.1 ስለነበር ያንኑ ገዛሁ፤ ባለሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ከዚያ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገት አዙሬ አቆምኩ፣ ክዳኑን ክፍት ትቼ ሞተሩን አስነሳሁ፣ የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ መጨረሻ ላይ አደረግኩ። ቴርሞስታቱ ሲከፍት አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ፤ በጎደለ ቁጥር ሞላሁ። ቀዝቃዛ ይነፍስ የነበረው ማሞቂያ ሞቀ። መርፌው እየወጣ ማሞቂያው ቀዝቃዛ ከነፈሰ መጀመሪያ ኩላንት መጉደሉን ወይም አየር መግባቱን ጠርጥሩ።

ኩላንቱን ከዲስቲልድ (ከተጣራ) ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ነው የምቀላቅለው። የቧንቧ ውሃ ዝገትና ጨው ያስቀምጣል፤ መንገድ ላይ ከቸገረ ብቻ።

የመኪናው መመሪያ የጠርሙሱን መስመር ማየት ይበቃል ይላል። ለአዲስ መኪና ይሁን። አሮጌ ከሆነ በየሳምንቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የራዲያተሩን ክዳን ራሱን ክፈቱ። በሞቀ ሞተር ግን ፈጽሞ አትንኩት፤ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል።