ሸረሪቷ ቦታ ቀየረች

ባለፈው ዓመት እንቅልፍ አጣሁ። ጭራሽ አልተኛም ማለቴ አይደለም። እተኛለሁ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ብንን እላለሁ። ዓይኔን ሳልገልጥ እጄ ስልክ ፍለጋ ይሄዳል። የሥራ መልእክት እያነበብኩ ይነጋል።

አንድ ወዳጄ «ጠዋት ጠዋት ሩብ ሰዓት ደጅ ቁጭ በል፤ ስልክህን ግን ቤት ተወው» አለኝ። ሳቅኩበት። መድኃኒት ስጠብቅ ወንበር አዘዘልኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ስቃይ ነበር። ሩብ ሰዓት እንደዚያ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከፊቴ አንድ ዛፍ፣ አንድ አጥር፣ ጥቂት ወፎች። እጄ በየደቂቃው ባዶ ኪሴን ይዳብሳል። በአራተኛው ቀን መሰለኝ፣ በዛፉ ግንድ ላይ ጉንዳኖች በአንድ መስመር ሲወጡና ሲወርዱ አየሁ። በዚያ ዛፍ ሥር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ አንድም ቀን ልብ አላልኳቸውም።

ከዚያ ዋናውን ስህተት ሠራሁ። ደብተር ይዤ ትምህርት መልቀም ጀመርኩ። ጉንዳን ሳይ «ትጋት» ብዬ እጽፋለሁ። ዛፍ ሳይ «ጽናት»። ወፍ ሳይ «ነፃነት»። ያን ገጽ አሁን ሳነበው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ ይመስላል። እንቅልፌ እንደሆነ ያው ነው።

የጉንዳኑ ነገር ኋላ ላይ አሳቀኝ። ሰነፍ ከጉንዳን ይማር ሲባል ነው ያደግነው። ተመራማሪዎች ግን የአንድ ዝርያ ጉንዳኖችን በቪዲዮ ሲከታተሉ፣ ከሠራተኞቹ 40 በመቶ ያህሉ አብዛኛውን ጊዜ ምንም እንደማይሠሩ አይተዋል። ትጉዎቹን ሲያነሷቸው ደግሞ ከእነዚህ «ሰነፎች» ውስጥ ተተኪ ወጣ። ለካ መጠባበቂያ ናቸው። የዓመት ፈቃድ መጠየቅ የሚያሳፍረው ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ ገምቱት። ደብተሩ ላይ «ትጋት» የሚለውን ሰረዝኩት።

እንግዲህ ሸረሪቷ።

ከበሩ ወደ ደጅ ስወጣ ፊቴ ላይ ድር ተጠመጠመ። እየተነጫነጭኩ ጠረግኩት። በማግስቱ እዚያው ቦታ ሌላ ድር አለ። ያንንም በጭንቅላቴ በጠስኩት። በሦስተኛው ቀን ደብተሬን አውጥቼ «ተስፋ አትቁረጥ» ብዬ ጻፍኩ። በጣም ደስ አለኝ። በመጨረሻ ትምህርቴን አገኘሁ ብያለሁ።

የዚያን ቀን ማታ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ከመሀል ወደ ዳር የሚሄዱ ክሮችን ዘረጋች። ከዚያ ከመሀል ወደ ውጪ እየዞረች ሳሳ ያለ ክብ ሠራች። ይህኛው አያጣብቅም፤ መረማመጃዋ ነው። ቀጥሎ ከዳር ወደ መሀል እየተመለሰች የሚያጣብቀውን ክር ጣለች፤ መረማመጃውን እያነሳች። በእግሯ ክሩን ለክታ ትነካለች፣ ታያይዛለች፣ ትራመዳለች። እንዲህ ያሉ ሸረሪቶች አሮጌውን ድር በልተው ለአዲሱ እንደሚጠቀሙበት ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላስታውስም። አንገቴ ግን ደርቆ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሥራ አንድም ነገር አላሰብኩም።

ጠዋት ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ከሰዓት በኋላ ግን እጄ የሞላ ስለነበር ረሳሁትና ደግሜ በጠስኩት። በማግስቱ በሩ ላይ ምንም የለም። አዘንኩ። ቀና ስል ከጣሪያው ጥግ ሥር፣ ሰው በማይደርስበት ከፍታ፣ ድሯን ዘርግታ መሀሉ ላይ ተቀምጣለች።

ቦታ ቀይራለች። የእኔ «ተስፋ አትቁረጥ» ገደል ገባ።

ይህ ነገር ከጉንዳኑ የበለጠ ነካኝ። ምክንያቱም እኔ በዚያን ሰሞን አንድ ፕሮጀክት ላይ ለሁለት ዓመት ያህል በሩ ላይ እየዘረጋሁ ነበር። በየወሩ ይበጠሳል፣ በየወሩ እቀጥላለሁ፣ ይህንን ደግሞ ጽናት እለዋለሁ። ሥራዬን ለቀቅኩ ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ያምር ነበር። አልለቀቅኩም። አለቃዬን ከዚያ ፕሮጀክት እንዲያነሳኝ ጠየቅኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሺ አለ።

ሥራውን ሳስረክብ የረዳኝ ደግሞ ዛፉ ነው። ቅጠል የሚረግፈው ንፋስ ስለሚነቅለው ይመስለኝ ነበር። ለካ ዛፉ አስቀድሞ ከቅጠሉ ውስጥ እንደ ናይትሮጅን ያለውን የሚጠቅመውን ነገር መልሶ ወደ ራሱ ይስባል። ከዚያ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ቦታ መለያያ ያበጃል። ንፋሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ቢጫ ቅጠል አንስቼ ጫፉን አየሁት። የተቀደደ ነገር የለውም፤ እንደዳነ ቁስል ልሙጥ ነው። እኔም ፋይሉን ከማስረከቤ በፊት ሁለት ቀን ወስጄ ከዚያ ሥራ የተማርኩትን ለራሴ ጻፍኩ። ከዚህ በፊት ከሥራ የምለየው ተኮራርፌ ነበር።

ሕመም ላይ ላለ ሰው ዛፍ ሐኪም አይተካም፤ ይህን መናገር ግዴታዬ ነው። ግን ነገሩ ጭራሽ ባዶ ወሬም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሰዎችን መዝገብ አነጻጽሮ ነበር። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጠንካራ ማስታገሻም የወሰዱት ባነሰ መጠን ነው።

እንዴት ልጀምር ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ትንሽ ነው። አንድ ቦታ ምረጥ፤ ሁልጊዜ እዚያው ተቀመጥ። ቦታ የሚቀያይር ሰው ለውጥ አያይም። ፎቶ አታንሳ፤ እኔ ባነሳሁበት ቀን ሁሉ ያየሁት ስልኬን ነው። ብዙውን ቀን ምንም አይፈጠርም፤ እሱን መልመድ ነው ከባዱ።

ደብተሩን አልጣልኩትም። ትምህርት መጻፍ ግን ትቻለሁ። የትናንትናው ገጽ «ንፋስ። ሁለት ወፍ፣ አንዷ ገለባ ይዛለች። ድሩ የለም» ይላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ ነበር። ገለባው ትዝ አለኝና የት ልትሰካው ይሆን እያልኩ ተመልሼ ተኛሁ።