ክቧን የት ላስቀምጣት? የሦስት ወር የዲፊውዥን ኤምአርአይ ልምምዴ

ሰላም ጓዶች። የአንጎል ዕጢን በዲፊውዥን ኤምአርአይ (የውሃን እንቅስቃሴ በሚያሳየው ምስል) ማንበብ ጀመርኩ ካልኳችሁ ሦስት ወር ሞላኝ። ለማያውቀኝ፣ ሙያዬ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም፣ የማንንም ሪፖርት አልጽፍም። የምለማመደው ማታ ማታ በላፕቶፔ፣ ስላይሰርና ዲፓይ በተባሉ ሶፍትዌሮች ነው። ምስሎቹን የማወርደው የህሙማኑ ማንነት ተሰርዞ በነፃ ከሚለቀቅበት ከካንሰር ኢሜጂንግ አርካይቭ ነው።

የመጀመሪያው ወር በፊዚክሱ አለቀ። ስቴስካልና ታነር እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡት ዘዴ ሁለት ግራዲየንት (ከቦታ ቦታ የሚለያይ መግነጢሳዊ መስክ) አለው፤ አንደኛው ያዛባውን ሲግናል ሁለተኛው ያቃናዋል። የውሃው ሞለኪውል በመሃል ቦታ ከቀየረ ግን መቃናቱ ይጎድልና ሲግናሉ ይወድቃል። ሴሎች በታጨቁበት ዕጢ ውስጥ ያለ ውሃ ቅዳሜ መርካቶ እንደገባ ሰው ነው፤ ሲጋፋ ቢውልም ርቆ አይሄድም። ስለዚህ ሲግናሉ ይተርፋል፣ ኤዲሲው (ውሃው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ የሚገልጸው ቁጥር) ዝቅ ይላል።

ሶፍትዌሩን ከማመኔ በፊት አንዷን ነጥብ በእጄ አሰላኋት። ቢ ቫልዩ የግራዲየንቶቹን ጫና የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ ቢ 0 ላይ ሲግናሉ 900፣ ቢ 1000 ላይ 405። ጥምርታው 0.45 ነው፤ የዚህን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም (ln) ምልክቱን ገልብጬ ለ1000 ሳካፍለው 0.0008 ሚሊ ሜትር ካሬ በሰከንድ መጣልኝ። በሚሊዮን ሲባዛ 800 ማለት ነው። ጤናማው የአንጎል ነጭ ክፍል ከ700 እስከ 800 አካባቢ ነው፤ ሲኤስኤፍ (የአንጎል ፈሳሽ) ወደ 3000 ይጠጋል። አሁን አዲስ ምስል ስከፍት መጀመሪያ የማየው ይህ ፈሳሽ የሞላውን የአንጎል ክፍተት፣ ቬንትሪክሉን ነው። አንድ ቀን 3 ብሎኝ ግማሽ ሌሊት ኮድ ስፈትሽ አደርኩ፤ ለካ ፋይሉ የተቀመጠው በሌላ አሃድ ነበር!

ሁለተኛው ወር የስህተት ወር ነው። ቢ 1000 ላይ ያበራውን ሁሉ «የታፈነ ውሃ» እያልኩ እመዘግብ ነበር። በዕጢው ዙሪያ ያለው እብጠት ግን ቲ2ው (ሲግናሉ ሳይጠፋ የሚቆይበት ጊዜ) ረጅም ስለሆነ ብቻም ሊያበራ ይችላል። ኤዲሲው ላይ ካልጠቆረ ውሃው አልታፈነም።

ትልቁ ስህተቴ ግን ክቧ ናት፤ ቁጥሩ የሚለካበትን ቦታ ለመምረጥ ምስሉ ላይ የምስላት ክብ። አንድ ዕጢ ሙሉውን ከብቤ አማካይ ኤዲሲውን ወሰድኩ፤ 1400 ገደማ። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ደብተሬ ላይ «ዝቅተኛ ደረጃ (ቀስ ብሎ የሚያድግ) ዕጢ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። መረጃውን ስከፍት ግሊዮብላስቶማ፣ ከባዱ የአንጎል ካንሰር ነው። ተመልሼ ከፋፍዬ ለካሁት፤ የሞተው መሃል ከ2000 በላይ፣ ዙሪያው ያበጠው 1500፣ ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ ማድመቂያ) የያዘው ጠንካራ ጠርዝ 900። የኔ 1400 ከሦስቱ የአንዱም አይደለም! ዶሮ ወጥ ውስጥ ሥጋውን፣ እንቁላሉንና መረቁን አብሮ መዝኖ «ሥጋው ይህን ያህል ነው» እንደማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮንትራስት የተሰጠበትን ቲ1 የተባለ የኤምአርአይ ምስል ጎን ለጎን ከፍቼ፣ በጠንካራው ክፍል ውስጥ ኤዲሲው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ትንሽ ክብ አኖራለሁ። በተቃራኒው ጤናማ ነጭ ክፍል ላይ ሌላ ክብ አኑሬ ሁለቱን አነጻጽራለሁ። ደም የፈሰሰበት ቦታ ቁጥሩን ያበላሻል፤ አየር ያለባቸው ሳይነሶች (የፊት አጥንት ክፍተቶች) አጠገብ ደግሞ ምስሉ ስለሚጣመም ክቧ ከቲ1 ምስሉ ጋር አትገጥምም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የመግል ቋጠሮ ነው። በኮንትራስት ሲታይ እሱም ግሊዮብላስቶማም ቀለበት ይሠራሉ። መግል ወፍራም ስለሆነ የቋጠሮው መሃል ኤዲሲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል፤ የግሊዮብላስቶማው መሃል ግን ያበራል። ሕፃናት ላይም ከኋለኛው የአንጎል ክፍል ዕጢዎች ሜዱሎብላስቶማ ዝቅ፣ ፒሎሳይቲክ አስትሮሳይቶማ ከፍ ይላል፤ ኤፔንዲሞማ በመሃል ይዋልላል።

«ታዲያ ናሙና መውሰድ ቀረ?» ብሎ የጠየቀኝ ነበር። አልቀረም። አይዲኤች የተባለው ጂን የተለወጠባቸው ግሊዮማ የተባሉ የአንጎል ዕጢዎች በአማካይ ከፍ ያለ ኤዲሲ ቢኖራቸውም ቁጥሮቹ ይደራረባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው አመዳደብም ዕጢውን ለመሰየም የሞለኪውል ምርመራ ይጠይቃል። ምስሉ የሚረዳው ሐኪሙ ምን እንደሚጠብቅና መርፌው ወዴት ቢያመራ እንደሚሻል ለመገመት ነው።

አሁን ያለሁት ዲቲአይ (የውሃውን እንቅስቃሴ አቅጣጫም የሚለካው ዘዴ) ላይ ነው፤ ተጣብቄያለሁ ብል ይቀላል። ዕጢው አጠገብ ኤፍኤው (ውሃው ወደ አንድ አቅጣጫ የማዘንበሉ መለኪያ) ይወርዳል፤ የነርቭ ቃጫዎቹ ተበልተው ይሁን በእብጠቱ ውሃ ተውጠው መለየት አቃተኝ። ቃጫዎቹን ተከትሎ የሚሥለው ትራክቶግራፊም እብጠቱ ጋ ሲደርስ ይቆረጥብኛል። ነፃውን ውሃ ለይቶ የሚያወጣውን ሞዴል ልሞክር አስቤ ነበር፤ እጄ ላይ ያለው ግን ከቢ 0 ሌላ አንድ ቢ ቫልዩ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ዳታ የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ውጤቱን ምን ያህል አመናችሁት?