በስንት ገዛሽው?

ዛሬ ዝናብ ነው። የታጠበው ልብስ ሳይታጠፍ ሶፋው ላይ ተቆልሏል። ፊት ለፊታችን ያለው ቤት ግቢ ውስጥ የሽያጭ ታፔላ ተተክሏል። ዋጋውን ልይ ብዬ ስልኬን አነሳሁና እንደተለመደው የራሴን ቤት ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ዊተን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቤት ሞልቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ፣ ቀይ ጡብ፣ ፎቅ የሌለው፣ ከሥሩ ምድር ቤት ያለው። የኛው በፈረንጆቹ 1953 ነው የተሠራው። የሜሪላንድ የንብረት መዝገብ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። ማን ሸጠ፣ መቼ፣ በስንት፤ ተጽፏል። 2005 ላይ አንድ ሰውዬ በውድ ገዛው። ያኔ ባንኮቹ ወለዱ ቆይቶ የሚዘል ብድር ላገኙት ሁሉ ይሰጡ ነበር። 2009 ላይ ሻጩ ባንክ ነው። ዋጋው ወርዷል። በመሃል የሆነውን መዝገቡ አይናገርም። የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ በእጁ የለጠፈው ግን ይሄ ሰውዬ ይመስለኛል። ጠማማ ነው። ባለሙያ እንዲህ አይለጥፍም። አላስቀየርኩትም።

የበሩ መቃን ላይ በቀለም የተሸፈነች፣ ዘንበል ያለች ነገር አለች። መዙዛ ናት፤ አይሁድ የኦሪት ቃል የተጻፈበት ብራና ከትተው በራቸው ላይ የሚሰቅሏት። ከኛ በፊት አይሁድ ኖረውበት ነበር ማለት ነው። ብዙ አይሁድ የሚኖሩበት ኬምፕ ሚል ሰፈር ቅርብ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ በእግሩ ወደ ምኩራብ ሲሄድ አያለሁ። እማዬ መጥታ ሳለ ምን እንደሆነች ነገርኳት። ተሳልማት ገባች። እዚህ አካባቢ አንዳንድ የድሮ ውል ላይ ለጥቁር አይሸጥም፣ ለአይሁድም አይሸጥም ተብሎ ይጻፍ ነበር። ፍርድ ቤት እንዳያስፈጽመው የተወሰነው 1948 ላይ ነው፤ በሕግ የተከለከለው 1968 ላይ። እማዬ ይሄን አታውቅም። ብታውቅም የምትሳለም ይመስለኛል።

የኛ የአዲስ አበባው ቤት መዝገብ ቢኖረው ምን ይል ነበር? አባባ ሁለት ቤት ነበረው። በአንዱ እንኖራለን፣ ሌላውን ያከራየዋል። በእኛ ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጁ ወጣ። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች ስለነበር ቀበሌ ወሰደው። ሻጭ የለ፣ ገዢ የለ፣ ዋጋ የለ። ተከራዮቹ እዚያው ቀሩ፣ ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል ጀመሩ። ልጆቻቸው ከኛ ጋር አደጉ። ከእማዬ ጋር ቡና ይጠራራሉ። እሷ እስከ ዛሬ "ያኛው ቤታችን" ትላለች። እነሱም "ቤታችን" ይላሉ። በዚህ ሲጣሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። ይሄ በየትኛው መስመር ይጻፋል?

ለነገሩ አዲስ አበባ የተሸጠውም ቢሆን ዋጋውን የሚያውቁት ደላላውና እግዜር ናቸው። ውል ላይ የሚጻፈው ሌላ፣ እጅ በእጅ የሚቆጠረው ሌላ። እኔም ይሄው ጸባይ አለቀቀኝም። ቤቱን ስናስመርቅ እንግዶቹ "በስንት ገዛሽው?" ሲሉኝ "ተመስገን ነው" እያልኩ እንጀራ ስጨምር አመሸሁ። ለካስ ሁሉም መኪናቸው ውስጥ ሆነው አይተውት ነው የገቡት! የሚጠይቁኝ እውነቱን እናገር እንደሆነ ለማየት ነው።

እኔስ ብትሉ፣ የሁሉንም አውቃለሁ። ማን በስንት እንደገዛ፣ ማን አስወድዶ እንደነገረን፣ ማን አርክሶ። አሁን የቀሩኝ የንስሐ አባቴ ብቻ ናቸው። አድራሻቸውን የት ነበር የጻፍኩት?