ቃላድ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አካባቢ አንድ ቀበሌ፣ የመሬት ደብተር ወረፋ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለውን ሜትር አይተው «ይሄ ቃላድ ነው እንዴ ልጄ?» አሉ። ባለሙያው ልጅ ሳቀ። «ኧረ አይደለም አባባ!» ሽማግሌው ግን ጫፉን መዘዝ አድርገው ቁጥሮቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷቸው፤ ቶሎም አልለቀቁትም።

ቃላድ 66 ሜትር ገደማ የሚሆን የመለኪያ ገመድ ነው። ጎጃም ላይ ርስት በትውልድ ሐረግ እንጂ በገመድ አይቆጠርም ነበር፤ ስለዚህ «መሬትህ ይለካ» ማለት ለገበሬው «ልትነቀል ነው» ማለት ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ሰው ያመፀው ለብሩ ብቻ አይደለም። የቆየውን ግብር እንከፍላለን፣ ገማች ግን ማሳችንን አይረግጥም ነው ያለው። መጀመሪያ አቤቱታ አስይዞ አዲስ አበባ ሰው ላከ (ይህችን ዘሎ ከጠመንጃው የሚጀምር ተራኪ ያናድደኛል)። ሰሚ ሲጠፋ ሞጣና ብቸና ሸፈቱ። ጦርና አውሮፕላን መጣ፣ መንደር ተቃጠለ። በኋላ ግን ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፤ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ።

የሚገርመው፣ በ1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪ «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሲወጣ ለውጥ እየጠየቀ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን የጮኸው «እንዳለን ተዉን» ብሎ ነው። ሁለቱም ያንኑ ዙፋን ነቀነቁ።

ሽማግሌው ደብተራቸውን ሲቀበሉ ፎቷቸውን አላዩም። «አዋሳኞቼን አንብብልኝ» አሉት ልጁን።