ጎማ የምፈታው ግቢዬ ውስጥ ነው

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ በመኪናዬ ወደ ስሜን ተራሮች እወጣለሁ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አስፋልት ስለሆነ አያስቸግርም። ጉዱ ያለው ከደባርቅ ወዲያ ነው፤ ሳንቃበር፣ ጨነቅ፣ ከዚያ ቧሂት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጨነቅ ልንደርስ ስንል የፊት ጎማችን በድንጋይ ተቀደደ። መኪና ማንሻ ክሪክ ነበረኝ። ጎማ መፍቻ ነበረኝ። እስኮርታም፣ ትርፍ ጎማ ማለቴ ነው፣ ነበረኝ። ግን ጎማውን የሚያስሩት ዳዶዎች በማሽን ተጠብቀው ኖሮ፣ እኔና ወንድሜ ተራ በተራ ብንታገል ንቅንቅ አላሉም። እንደ ምንም አላልተን መኪናዋን ስናነሳ ደግሞ ክሪኩ መሬት ውስጥ ሰመጠ። ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ከገብስ ማሳቸው መጡና "አይዞህ ልጄ፣ መሬቱ ገና አልጠናም" ብለው ከልጃቸው ጋር ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክመው አመጡልን። በእሱ ላይ አነሳናት። እስኮርታው ግን ግማሽ ነፋስ ብቻ ነበረው። ያን ቀን በጣም አዘንኩ፤ ሁሉንም ዕቃ ይዤ፣ አንዱንም ሳልሞክረው ነው የወጣሁት።

አሁን ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት አራቱንም ጎማ ግቢዬ ውስጥ በእጄ እፈታለሁ። ዳዶውን አጽድቼ በእጅ መፍቻ መልሼ አጠብቃለሁ። መፍቻው ላይ የሚገባ አንድ ሜትር የብረት ቱቦ አስቆርጫለሁ፤ እሱ ሲረዝም ጉልበት ይቀንሳል። ለክሪኩ መቀመጫ ሁለት ስንዝር ስፋት ያለው ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ አለኝ። ከሁሉም ዕቃዬ የምወደው እሱን ነው። እስኮርታውን በእግሬ ረግጬ አላምነውም፣ በመለኪያ ነው የማየው። ትርፍ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) እና ቺንጋም (የሞተር ቀበቶ) እይዛለሁ።

ሠፈራችን ያሉት ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው፣ ሁሌ የሚሉኝ አለ፦ "አንተ ልጅ፣ የተወጠረ ጎማ ድንጋይ አይችልም።" እውነታቸውን ነው። አስፋልት ላይ 35 PSI የነበረውን የጎማ ነፋስ ደባርቅ ስደርስ ወደ 26 አወርደዋለሁ። ጎማው ድንጋዩ ላይ ተለጥጦ ያልፋል፣ መኪናዋም አትንገጫገጭም። ያን ጊዜ ቀስ ብሎ መንዳት ግድ ነው። ሲመለሱ የሚሞላበት ከባትሪ የሚሠራ መንፊያም ያስፈልጋል። እሱንም ግቢ ውስጥ አንድ ጎማ ሞልቼበት ነው የምይዘው።

ላንድክሩዘሬ የድሮ ፒክ አፕ ናት፣ ቱርቦ የላትም። የቧሂት መተላለፊያ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ስለዚህ የአየር ፊልትሮውን ማጽዳት አልረሳም። ውሃም እዚያ ከፍታ ላይ 86 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ ካረጀ ግፊቱን አይይዝም፣ ውሃው ቶሎ ይገነፍላል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ክዳኗን ሳላይ አልወጣም።

የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ የምጭነውንም ቀንሻለሁ። ድንኳንና ብርድ ልብስ ብቻ። 20 ሊትር ውሃና የናፍታው ጄሪካን ታች፣ ታስረው። ከላይ የከበደች መኪና ገደል ዳር ስትዘነብል ልብ ታቆማለች። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው። ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ሳይ እሰጋለሁ፤ ፍሬኑ ሲግል አይይዝም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ወንድሜ በጠዋት ይመጣል። የኋላ ግራው ጎማ ብቻ ቀርቶናል።